የሞላ፣ የባትሪና የፀሐይ ብርሃን ሰዓቶች፡ የትኛውን ማኖር ይበጃል?

ወላይታ ሶዶ፦ የእጅ ስልክ ሰዓት በሚናገርበት በአሁኑ ወቅት የእጅ ሰዓት ከመሣሪያነቱ ይልቅ የቅርስነት ዋጋው እየጎላ መጥቷል። በወላይታ ሶዶም ሆነ በሌሎች የሀገሪቱ ከተሞች ከአባት የተላለፈ ወይም ለረጅም ዘመን አገልግሎት የተበረከተ ሰዓት በቁም ሳጥን የሚያኖሩ ቤተሰቦች አሉ። ይሁን እንጂ የሰዓቶች አሠራር የተለያየ በመሆኑ አንዱን የሚያቆየው አያያዝ ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል።

የእጅ ሰዓቶች በኃይል ምንጫቸው በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በሞላ የሚሠራው መካኒካል ሰዓት ነው። ሞላው በጣት ሲሞላ ወይም ኦቶማቲክ በሆኑት ላይ በእጅ እንቅስቃሴ ሲጠመጠም ኃይል ያጠራቅማል፤ ጥርሳማዎቹ ጎማዎችም ይህንኑ ኃይል እየመጠኑ ያስተላልፋሉ። ሁለተኛው የባትሪ ወይም የኳርትዝ ሰዓት ነው። በውስጡ ያለው የኳርትዝ ክሪስታል በኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 32 ሺህ 768 ጊዜ ይርገበገባል። ሦስተኛው የፀሐይ ብርሃን ሰዓት ሲሆን፣ እርሱም ኳርትዝ ሆኖ የሚለየው ባትሪው በብርሃን የሚሞላ በመሆኑ ነው።

ከሞላ ወደ ኳርትዝ የተደረገው ሽግግር ከሀገራችን የስፖርት ታሪክ ጋር የሚገናኝበት አጋጣሚ አለ። ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ነጥብ 2 ሴኮንድ ሲያሸንፍ የውድድሩን ሰዓት የመያዝ ኃላፊነት የነበረው የጃፓኑ ሴይኮ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ለዚያ ኦሊምፒክ ካቀረባቸው መሣሪያዎች መካከል ተንቀሳቃሽ የኳርትዝ ሰዓት ይገኝበታል። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር 1969 እ.ኤ.አ፣ ይኸው ኩባንያ በዓለም የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ሲቲዝን የተባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያም በ1976 እ.ኤ.አ በብርሃን የሚሠራ ባለ ቆጣሪ ሰዓት አወጣ። በዚህ ሳቢያ በስዊዘርላንድ የሰዓት ኢንዱስትሪ በ1970 እ.ኤ.አ ወደ 90 ሺህ ይጠጋ የነበረው የሠራተኞች ቁጥር በ1980ዎቹ አጋማሽ ከግማሽ በታች ወረደ።

ምክንያቱ ትክክለኛነት ነው። በቀን 10 ሴኮንድ የሚዛነፍ የሞላ ሰዓት በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ነው ይባላል፤ ይሁን እንጂ ይህ መዛነፍ በወር 5 ደቂቃ ይሆናል። ተራ የኳርትዝ ሰዓት ግን በወር የሚዛነፈው 15 ሴኮንድ አካባቢ ነው። ስለዚህ በሰዓቱ ቢሮ ለመግባት ወይም በሞተር ብስክሌት ወደ ቀበሌዎች ለመስክ ሥራ ለሚወጣ ሠራተኛ ንዝረትን የሚቋቋመው ኳርትዝ ይመረጣል።

ወደ ማኖርና ለልጅ ወደ ማስተላለፍ ስንመጣ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። የሞላ ሰዓት ቢቆምም ክፍሎቹ ተፈትተው ሊጸዱ፣ ዘይቱ ሊታደስ፣ የተሰበረውም ሊተካ ስለሚችል ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሻገራል። የኳርትዝ ሰዓት ኤሌክትሮኒክ ክፍል ሲቃጠል ግን ተመሳሳይ መለዋወጫ ከሌለ ጥገናው ያበቃል።

ታሪክና ማስረጃ ያለው ሰዓት የሚያወጣውን ዋጋ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የወርቅ ሰዓት ያሳያል። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ በ1954 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ የተበረከተላቸው የፓቴክ ፊሊፕ የሞላ ሰዓት በ2015 እ.ኤ.አ ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ቀርቦ በባለቤትነት ጥያቄ ምክንያት ተነሣ። በኋላም በ2017 እ.ኤ.አ ከ2 ነጥብ 8 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ ተሸጧል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የሰዓትን ደረሰኝ፣ የሽልማት ደብዳቤና ሣጥን አብሮ ማኖር እንደሚገባ ነው።

የፀሐይ ብርሃን ሰዓት በመካከል ይቆማል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ ገደማ በምትገኘው ሶዶ የዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ያነሰ በመሆኑ ብርሃን ችግር አይሆንም። የዚህ ሰዓት ጠላት ጨለማ ነው። በመሳቢያ ተዘግቶበት ለወራት ከቆየ ኃይሉ ተሟጦ ባትሪው ሊጎዳ ስለሚችል ብርሃን በሚያገኝበት፣ ሙቀት በማይበዛበት ቦታ ማኖር ይገባል። ባትሪው ሲያረጅም በብርሃን የሚሞላውን ዓይነት እንጂ ተራ ባትሪ መተካት አደገኛ ነው።

የሀገራችንን የዘመን አቆጣጠር የሚከተል ሰብሳቢ ሊያስተውለው የሚገባ ሌላም ነጥብ አለ። የቀን ቁጥር የሚያሳይ ሰዓት በኢትዮጵያ ሰዓት ሲሞላ ቀኑ የሚለወጠው ማለዳ ወይም ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ማለዳ እንዲለወጥ ማስተካከል ይሻላል። ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑም ቁጥሩ 31 ላይ ሲደርስ ወደ 1 ማሳለፍ፣ በጳጉሜን ማብቂያም እንዲሁ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ የሚከናወነው የቀን መለወጫው ጎማ በሥራ ላይ ባልሆነበት ጊዜ ነው፤ ቆጣሪው በ9 እና በ3 መካከል በ12 በኩል ሳለ ቁጥሩን በግድ ማዞር ጥርሱን ሊሰብር ይችላል። ከሳተላይት ጊዜ የሚቀበሉ የብርሃን ሰዓቶች ደግሞ ራሳቸውን የሚያስተካክሉት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር በመሆኑ የ6 ሰዓት ልዩነቱን ማስላት ግድ ይላል።

ትልቁ ጥፋት ግን በጥገና ስም የሚፈጸመው ነው። የቆመን የሞላ ሰዓት ውስጡን አውጥቶ በርካሽ የባትሪ ሞተር መተካት ለጊዜው ቢያስደስትም የሰዓቱን ታሪክና ዋጋ ያጠፋል። ገዢዎችም የሴኮንድ ቆጣሪውን በማየት መለየት ይችላሉ፤ በአብዛኛው የሞላው ሰዓት ቆጣሪ ሳይቆም ሲንሸራተት የባትሪው በየሴኮንዱ ይዘላል።

በመሆኑም የሞላ ሰዓት ያለው በየ4 ወይም 5 ዓመቱ ለሙያተኛ ያሳየው፤ ከድምፅ ማጉያና ከማግኔትም ያርቀው። የባትሪ ሰዓት የሚያኖር ኃይሉ ያለቀውን ባትሪ ፈሳሹ ክፍሎቹን ሳይበላ በጊዜ ያውጣ። የብርሃን ሰዓት ያለው ደግሞ ብርሃን አይንፈገው። ለዕለት ሥራ ኳርትዝ ወይም የብርሃን ሰዓት፣ ለትውልድ ደግሞ የሞላ ሰዓት መምረጥ የሁሉንም ጠቀሜታ በየቦታው ማዋል ነው።