ያገለገለ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ምን ይገዛል?

ፈቃድ የሌለበት ሽያጭ ገንዘብንም መሣሪያንም ሊያሳጣ ይችላል

በጎጃም ደጋ ጠመንጃ የጦር ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የሀብት ማስቀመጫም ነው። እንደ በሬ መኖ አይጠይቅም፣ እንደ እህል ነቀዝ አይገባውም። የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ርእሰ ከተማ በሆነችው በመርጡለ ማርያም ዙሪያም ሆነ በቀሪው የምሥራቅ ጎጃም ገጠር፣ መሣሪያ በሠርግና በለቅሶ የባለቤቱ ክብር መለኪያ ሆኖ ኖሯል። የቸገረው ይሸጠዋል፣ ያገኘ ይገዛዋል፤ አባት ሲሞት ልጅ ይወርሰዋል።

ይሁን እንጂ ጠመንጃ ከሌላው ያገለገለ ዕቃ የሚለይበት አንድ ዋና ነገር አለ። የአሮጌ ወፍጮ ወይም የሬዲዮ ገዢ ዕቃውን ሲረከብ የመጠቀም መብቱንም አብሮ ይረከባል። የጠመንጃ ገዢ ግን ብረቱን ተረከበ ማለት መብቱን ተረከበ ማለት አይደለም።

ፈቃዱ የሰው ነው

በአሁኑ ጊዜ ጉዳዩን የሚገዛው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አዋጁ መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ ያቆመ ሲሆን፣ አንድ ሰው ሊይዝ በሚችለው ብዛት ላይ ገደብ ጥሏል፤ በግለሰብ እጅ ፈጽሞ ሊገኙ የማይገባቸውን ዓይነቶችም ለይቷል። ፈቃዱ የሚሰጠው የአመልካቹ ማንነትና ሁኔታ ታይቶ ነው። ስለሆነም “ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ነው” የሚለው የሻጭ ቃል እውነት ቢሆን እንኳ ለሻጩ እንጂ ለገዢው አይሠራም። ገዢው በስሙ ፈቃድ ሳይኖረው የተረከበ እንደሆነ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሕገ ወጥ መሣሪያ ያዥ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 481 ያለ ፈቃድ መሣሪያ የሚሸጠውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛውን፣ የሚያጓጉዘውንና የሚደብቀውን ጭምር ይጠይቃል። “አላወቅሁም” የሚለው መከላከያ በአገሪቱ ሕግ በመርህ ደረጃ ተቀባይነት የለውም።

ቀብዱስ?

የነጋዴው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ከእስራቱ ይልቅ ገንዘቡ ላይ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀብድ የሰጠ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ይህ ግን ለሕጋዊ ውል ነው። የዚያው ሕግ አንቀጽ 1716 ግዴታው ከሕግ ወይም ከመልካም ጠባይ ውጭ የሆነ ውል ፈራሽ ነው ይላል።

ለምሳሌ አንድ ገዢ 10 ሺህ ብር ቀብድ ሰጥቶ ሻጩ ቢክደው፣ ምስክር ቢኖረውም እጥፍ ክፈለኝ ሊል አይችልም። ውል ሲፈርስ ተዋዋዮች ወደነበሩበት እንዲመለሱ የሚያዘውን ድንጋጌ ይዞ የሰጠውን ብቻ ልጠይቅ ቢልም፣ የክስ ማመልከቻው በራሱ ላይ የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል። ሻጭም ቀሪ ሒሳብ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ቢሄድ የሚገጥመው ይኸው ነው። መሣሪያው ደግሞ በፖሊስ ከተያዘ ለሁለቱም አይመለስም። የድብቁ ገበያ ተዋዋይ ዋስትናው የሰው ቃል ብቻ ነው ማለት ነው።

የተሰረቀ ወይስ የመንግሥት?

ሁለተኛው አደጋ የመሣሪያው ምንጭ ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ብዙ መሣሪያ በየገጠሩ ተሰራጭቷል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ ስለተላለፈ ብቻ የመንግሥት ንብረትነቱን አይለቅም።

በመርህ ደረጃ በቅን ልቦና ዋጋ ከፍሎ ተንቀሳቃሽ ዕቃ የተረከበ ሰው ባለቤት ይሆናል። የተሰረቀ ዕቃ ሲሆን ግን እውነተኛው ባለቤት ሊጠይቀው ይችላል። ሕጉ ለቅን ገዢ የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለት የሚያደርገው፣ ዕቃውን በዚያው ንግድ ከተሰማራ ነጋዴ፣ ከሕዝብ ገበያ ወይም ከሐራጅ ሲገዛ ነው። ጠመንጃ በጓሮ በምሽት የገዛ ሰው ከእነዚህ በአንዱም አይጠለልም። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ ደግሞ በመሸሸግ ወንጀል ይጠየቃል።

መያዣና ድለላ

አበዳሪዎችም ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ጠመንጃ በመያዣ ተቀብሎ ገንዘብ የሚያበድር ሰው መሣሪያውን በቤቱ ያስቀምጣል። ፈቃድ ከሌለው፣ የያዘው ለብድሩ ዋስትና ሳይሆን በራሱ ላይ የሚመጣ ክስ ነው። ተበዳሪው ባይከፍል እንኳ መያዣውን በሐራጅ ሊሸጠው አይችልም።

ደላላውም “እኔ አገናኘሁ እንጂ አልሸጥኩም” ብሎ አያመልጥም። ሕገ ወጥ ሽያጭ እንዲፈጸም እያወቀ የረዳ ሰው በአባሪነት ሊከሰስ ይችላል፤ የድለላ ዋጋውንም በክስ ሊያስከፍል አይችልም።

መዝገብ ለምን ይፈራል?

ይህ ሁሉ አደጋ እያለ ብዙ ሰው ወደ መዝገብ የማይቀርበው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሳ ሞጣና ቢቸና ከአመጹ ማዕከሎች መካከል ነበሩ። በዚያ ወቅት “ጠመንጃችን ተመዝግቦ ይወሰዳል” የሚለው ሥጋትም ቁጣውን አባብሶት ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የታወጀውና በ2016 ዓ.ም. ያበቃው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም በፈቃድ የተያዘ መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስ ሊታገድ እንደሚችል አሳይቷል። መዝገብ የገባ በመንግሥት ይታወቃል፤ ያልገባ ደግሞ በሕግ አይጠበቅም። ባለመሣሪያው በሁለቱ መካከል ተይዟል።

ከመግዛት በፊት

ሕጋዊውን መንገድ የሚመርጥ ሰው ቅደም ተከተሉን ማዛባት የለበትም። በመጀመሪያ መሣሪያው በግለሰብ እንዲያዝ የሚፈቀድ ዓይነት መሆኑን ፈቃድ ከሚሰጠው የፖሊስ አካል ያረጋግጥ። ቀጥሎ የብረቱን ቁጥር ከሻጩ የፈቃድ ወረቀት ጋር ያመሳክር። የተፋቀ ወይም የተቀየረ ቁጥር ካየ ዋጋ መደራደሩን ያቁም። ከዚያ በራሱ ስም ፈቃድ ይጠይቅ። ርክክቡም ክፍያውም ዝውውሩ በፈቃድ ሰጪው ከታወቀና ከተፈቀደ በኋላ ይሁን። ወራሾችም እንዲሁ የሟችን መሣሪያ ከመሸጣቸው ወይም ከመከፋፈላቸው በፊት ማሳወቅ ይገባቸዋል።

ፈቃድ አልባ መሣሪያ በገበያ ረከስ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ሆኖም ገዢው ሲከሰስ፣ ሲካድ ወይም ሲወረስበት የሚደርሰው ኪሣራ በዋጋው ውስጥ አልተቆጠረም። ያ ሲደመርበት ርካሹ ጠመንጃ ከሁሉ ውድ ይሆናል።