ልጆቻቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚልኩ ወላጆች

በ2016 ዓ.ም. የታኅሣሥ ወር ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፥ በቦምቤ ከተማ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ አንድ ደግ ገበሬ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። የበኵር ልጃቸው ቀድሞ ተማሪዬ ነበረ፤ አባቱ በሞቱበት ጊዜ ከወላይታ እጅግ በራቀ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ትምህርቱን ይከታተል ነበር። መርዶው እንደ ደረሰው ከመኝታ ጓደኛው የመሳፈሪያ ገንዘብ ተበድሮ፥ ለሌላ ለማንም ሳይናገር፥ ሲነጋ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍሮ መጣ። ከቀብሩ በኋላ ሊመለስ ሲነሣ እናቱ፥ «ልጄ፥ የአባትህን ተዝካር ሳታወጣ ወዴት ትሄዳለህ?» አሉት። እርሱም ቃላቸውን አክብሮ አርባው እስኪወጣ ድረስ ተቀመጠ፤ ከብቱን ጠበቀ፥ እንሰቱን ኰተኰተ፥ ታናናሾቹን አጽናና። ወደ ዩኒቨርሲቲው በተመለሰ ጊዜ ግን «ሳታስፈቅድ ትምህርትህን ጥለህ ስለ ሄድህ ስምህ ከመዝገብ ወጥቷል» የሚል መልስ ተሰጠው።

በዚህ ነገር ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። እናቲቱ ማንኛዋም ክርስቲያን እናት የምታደርገውን አደረጉ። ልጁ የታዘዘውን ፈጸመ። የመዝገብ ሹሙም ቢሆን ደንቡን ከማንበብ በቀር የጨመረው ነገር የለም። እኔ ራሴ ግን ጥቂት ድርሻ ሳይኖረኝ አይቀርም፤ ልጆቹን በሸኘንበት ቀን ተነሥቼ ስለ ትጋትና ስለ መልካም ጠባይ ረዥም ንግግር አድርጌ ነበር፤ ስለ አንዲት ቅጽ ግን አንድም ቃል አልተናገርሁም።

የቅጽዋ ነገር እንዲህ ነው። በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ ተማሪ የመጨረሻ ፈተና ላይ ለመቀመጥ ከትምህርቱ ክፍለ ጊዜ ቢያንስ 85 ከመቶውን ተገኝቶ መማር አለበት። የአንድ መንፈቅ ትምህርት 16 ሳምንት ያህል ነው፤ ይህም 112 ቀን ይሆናል። አርባ ቀን ከዚህ ሲቀነስ ከሢሶው የሚበልጠው እንደ ሄደ ማንም ሊያሰላው ይችላል። እንግዲህ ሐዘን፥ ሕመም ወይም ሌላ ከባድ ችግር የደረሰበት ተማሪ ትምህርቱን ለጊዜው አቋርጦ በሚቀጥለው ዓመት እንዲመለስ ደንቡ በር ከፍቶለታል። በሩም ተማሪዎቹ «ዊዝድሮዋል» የሚሉት የማቋረጫ ቅጽ ነው። ቅጹ ከሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ይወሰዳል፤ የትምህርት ክፍሉ ይፈርምበታል፤ ከዚያም ተማሪው የመኝታ ቤቱን ቍልፍ፥ የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ፥ የምግብ ቤቱን መታወቂያ መልሶ «ክሊራንስ» የሚባለውን ማስረጃ ያወጣል። ይህን ያደረገ ተማሪ በጊዜው ማመልከቻ አቅርቦ ይመለሳል። ይህን ሳያደርግ የወጣ ግን እንደ ኰበለለ ይቈጠራል።

ኰበለለ የሚለውን ቃል ያመጣሁት ያለ ነገር አይደለም። በልጅነቴ በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ ከተማሪዎቹ አንዱ ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ለመሄድ ወይም ዘመዱን ለመጠየቅ ሲነሣ፥ አኵፋዳውን ከማንሣቱ በፊት የኔታ ፊት ቀርቦ ይሰናበትና ምርቃት ይቀበል ነበር። ሳይሰናበት የሄደ እንደ ሆነ ግን «ኰበለለ» ይባላል፤ በሌላም ደብር ቢሄድ ስሙ ቀድሞት ይደርሳል። የማቋረጫው ቅጽ ለእኔ የሚታየኝ እንደዚያ ስንብት ነው። ልዩነቱ የኔታ የተማሪውን ፊት አይተው ሐዘኑን ይረዱለት ነበር፤ ቅጹ ግን ካልተሞላ ምንም አያውቅም።

ከቅጹ ቀጥሎ ወላጆችን የሚያስጨንቀው የገንዘቡ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት አንድ አባት ወደ ቤቴ መጥተው፥ «መምህር፥ ልጄ የመንግሥት ዕዳ ፈረመች ይሉኛል፤ ይህ ዕዳ መሬቴን ይወስድብኝ ይሆን? ወይስ በሬዬን ሸጬ ልክፈል?» ብለው ጠየቁኝ። «የለም አባቴ፥ በሬዎን አይሽጡ» ብዬ የማውቀውን ነገርኋቸው።

በቀድሞ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት፥ ምግብና መኝታ ለተማሪው በነጻ ይሰጥ ነበር። የወጪ መጋራት ደንብ ቍጥር 91/1995 ከወጣ ወዲህ ግን ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፥ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 ከመቶውን እንዲጋራ ተደነገገ። ክፍያው የሚጠየቀው ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ነው፤ ይኸውም ከወር ገቢው ቢያንስ 10 ከመቶ እየተቀነሰ፥ ቢበዛ በ15 ዓመት ውስጥ እንዲያልቅ ነው። ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሰው በወር 1,000 ብር ይቀነስበታል ማለት ነው። ቀንሶ ገቢ የሚያደርገውም አሠሪው መሥሪያ ቤት ነው። ፈራሚው ተማሪው ራሱ ስለ ሆነ የአባት መሬት ወይም በሬ መያዣ አይሆንም። ሆኖም አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ዋናው የዲግሪ ወረቀት በዩኒቨርሲቲው እጅ ይቈያል፥ ተመራቂውም በጊዜያዊ ማስረጃ ይሠራል። ስለዚህ በየዓመቱ የሚፈረመውን ውል ቅጂ እየያዙ ማስቀመጥ ይገባል።

እኔ ራሴ ይህ ደንብ ሥራ ላይ በዋለበት በ1996 ዓ.ም. ከገቡት ተማሪዎች አንዱ ነኝ። ወረቀቱ ሲታደል ሰልፉ ረዥም፥ ፀሐዩም ብርቱ ነበርና አንድም መስመር ሳላነብ ፈረምሁ። መምህራን ለመሆን የምንማረው ዕዳችንን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት እንደምንከፍል የሰማሁት ከሁለት ዓመት በኋላ፥ ያውም ከጓደኛዬ አፍ ነው። ከዚያም አገልግሎቴን ፈጽሜ ዲግሪዬን ለመቀበል ስሄድ የአገልግሎት ደብዳቤዬ በማን መፈረም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ፥ በሦስት መስኮቶች መካከል አራት ቀን ተመላለስሁ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ በዚያን ጊዜ ግን ለአልጋ የሚከፈል ገንዘብ አልቆብኝ ስለ ነበረ አላሳቀኝም።

የምግቡን ዋጋ በተመለከተ፥ መንግሥት ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመድበው 22 ብር ሆኖ ከቈየ በኋላ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። በ22 ብር ሦስት ጊዜ ሰው መመገብ ምን ማለት እንደ ሆነ ወጥ ሠርታ የምታውቅ እናት ሁሉ ትፈርዳለች። በአዲሱ ተመን የአንድ ልጅ ማዕድ በአሥር ወር 30,000 ብር ይፈጃል። ተማሪው ከዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት መመገብን ወይም በፈንታው ጥሬ ገንዘብ መቀበልን ይመርጣል፤ ገንዘብ ተቀባዮቹን ተማሪዎች «ነን ካፌ» ይሏቸዋል። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ምግብ ቤቱን ቢመርጥ ይሻለዋል። በአንድ ጊዜ ሦስት ሺህ ብር ይዞ የማያውቅ ልጅ በወሩ አጋማሽ ባዶ ኪሱን ሲደባብስ አይቻለሁና። ስለ ጾሙ የሚጨነቁ እናቶችም ልባቸውን ያሳርፉ፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የጾም ወጥ ለብቻው ይሠራል።

የሥነ ሥርዓቱን ደንብ በአጭሩ ልለፈው። መጠጥ፥ ጫት፥ ስለት ያለው መሣሪያ፥ በመኝታ ክፍል የኤሌክትሪክ ምድጃ መለኰስ፥ ከተወሰነው ሰዓት በኋላ በር ማስከፈት፥ የሰውን ዘር ወይም ሃይማኖት መስደብ፥ ፈተና መኰረጅ፥ እነዚህ ሁሉ የሚያስቀጡ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ሁከት የወጣቶች ሕይወት እንደ ጠፋ ወላጆች አልረሱትም። የተከሰሰ ተማሪ ግን ሳይሰማ አይፈረድበትም፤ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ቃሉን ይሰጣል፥ ይግባኝም ይላል። ብዙ ልጆች ይህን ስለማያውቁ ገና ሲከሰሱ ሻንጣቸውን ይዘው ይወጣሉ።

ሰምተው ዝም የሚሉት ሌላም ነገር አለ። በየዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች አገልግሎት ዲን፥ በየመኝታ ቤቱም «ፕሮክተር» የሚባል ኀላፊ፥ ክሊኒክ፥ የምክር አገልግሎት፥ ችግረኛ ሴቶች ተማሪዎችን የሚረዳ የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። የገጠር ልጅ ግን፥ በተለይ የእኛ አገር ልጅ፥ ችግሩን ለባዕድ መናገር ውርደት ይመስለዋል። ወላይትኛ አፉን የፈታበት ልጅ አማርኛው እንዳይሳቅበት ፈርቶ ከበር ላይ ሲመለስ የሚያጋጥም ነው።

ባዕድ ስለ መሆን ካነሣን፥ አገራችን የሌላውን ልጅ ተቀብላ ማስተማር የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በሚያዝያ ወር 1950 ዓ.ም. ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት በአክራ በተሰበሰቡ ጊዜ ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ወጣቶች 200 የነጻ ትምህርት ዕድል ለመስጠት ቃል ገባች። ከዚያ ወዲህ ከኬንያ፥ ከኡጋንዳ፥ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ወጣቶች አዲስ አበባ ላይ ከእኛ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተማሩ፤ የእኛዎቹም ተማሪዎች ስለ አፍሪካ ነጻነት ብዙ ነገር የሰሙት ከእነርሱ ነው። በዘመናችንም ከጎረቤት አገሮች የተሰደዱ ወጣቶች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እየገቡ ተምረዋል። ለእነዚህ እንግዶች የመኖሪያ ፈቃዱን፥ የቋንቋውን፥ የምግቡን ነገር የሚያስረዳቸው ሰው ያስፈልጋል። ከቦምቤ ተነሥቶ ጎንደር ወይም ጅግጅጋ ለሚገባ ልጅስ ቢሆን አስረጂ አያሻውምን?

በዚህ ረገድ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ደስ ያሰኘኛል። «የጎንደር ቃል ኪዳን ቤተሰብ» በተባለው ሥራ ከሩቅ የሚመጡትን አዳዲስ ተማሪዎች ከከተማው ነዋሪዎች ጋር አገናኝቷቸዋል። ልጁ በበዓል ቀን የሚሄድበት ቤት፥ ሲታመም የሚደውልላት እናት ያገኛል። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም በ1999 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ በሶዶ ጎዳናዎች ላይ ከትግራይ፥ ከጎጃም፥ ከወለጋ የመጡ ልጆች ሲመላለሱ እናያለን። በመስቀልና በጊፋታ ሰሞን ከእነርሱ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ጠርቶ ማብላት ለአንድ ቤት ከባድ ወጪ አይመስለኝም፤ የእኛም ልጆች በዚያው ቀን በነርሱ አገር ናቸውና።

ወደ ተነሣንበት ልጅ እንመለስ። ከቀበሌው የአባቱን መሞት የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አወጣን፤ ማመልከቻውን አብረን ጻፍን፤ እርሱም ራሱ ይዞት ሄደ። ጕዳዩ ከትምህርት ክፍሉ ወደ ኮሚቴ፥ ከኮሚቴውም ወደ ሬጅስትራር ሲዘዋወር ወራት ፈጀ፤ በመጨረሻ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመልሶ እንዲማር ተፈቀደለት። አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የመኝታ ጓደኞቹም ቀድመውት ሄደዋል። በዚህ ዓመት ታናሽ እኅቱ ውጤት መጥቶላት ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትጠራ፥ እናትዮዋ ወደ ቤቴ መጥተው የጠየቁኝ ስለ ልብስ ወይም ስለ ስንቅ አልነበረም። «መምህር፥ ያችን የስንብት ወረቀት እዚሁ ሞልታ ይዛት መሄድ ትችላለች?» አሉኝ። እንደማይቻል፥ ነገር ግን ወረቀቷ የት ቢሮ እንደምትገኝ ልጅቱ እንደምታውቅ ነገርኋቸው። ልጅቱም በወንድሟ እጅ የተጻፈውን የቢሮውን ስምና የስልኩን ቍጥር ከደብተሯ ገልጣ አሳየቻቸው።