ጎል፣ ይሆንታና ውርርድ፦ የደጋፊ ስሌት እስከ የት ያዘልቃል?



ለዛሬው ገለጻ መነሻ የሆነኝ የአንድ ተማሪዬ ጥያቄ ነው። ከክፍል በኋላ ወደ ቢሮዬ መጥቶ በላፕቶፑ የሠራውን ሠንጠረዥ አሳየኝ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ቡድኖች ያስቆጠሯቸውንና የተቆጠሩባቸውን ጎሎች ሰብስቦ የመጪውን ሳምንት ውጤት ይገምትበታል። ስሌቱ ንጹሕ ነበር። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ በዚህ ብወራረድ አተርፋለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭርና ያልተሟላ ስለ ነበር፣ ዛሬ በእናንተ ፊት ላሟላው እወዳለሁ።

ደጋፊ ጨዋታን በቁጥር መመዝገብ የጀመረው ኮምፒውተር በየቤቱ ከመግባቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ ነው። ቻርልስ ሪፕ የተባለ የእንግሊዝ አየር ኃይል የሒሳብ ሹም፣ እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1950 የስዊንደን ታውንን ጨዋታ ሲመለከት ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ እያንዳንዱን ጥቃት ይመዘግብ ጀመር። ለአሠርት ዓመታትም አላቋረጠም። አብዛኞቹ ጎሎች ከሦስት ወይም ከዚያ ካነሱ ቅብብሎች እንደሚገኙ አየና፣ ኳስን በረጅሙ ወደ ፊት መላክ ይሻላል ብሎ ደመደመ። ምዝገባው የሚደነቅ ነው፤ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነበር። ከአጭር ቅብብል ብዙ ጎል የሚገኘው በጨዋታ ውስጥ የሚበዛው አጭር ቅብብል ስለ ሆነ ነው። በፈተና ከወደቁት ተማሪዎች አብዛኞቹ ሽሮ ይበላሉና ሽሮ ያሰንፋል እንደ ማለት ነው። መጠየቅ የነበረበት ከስንት ሙከራ ስንቱ ጎል ሆነ ተብሎ ነው።

ተማሪዬ የተጠቀመበት ዘዴ ግን ከዚህ የጠነከረ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1982 ማኸር የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ ለእያንዳንዱ ቡድን የማጥቃትና የመከላከል አቅም የሚለኩ ቁጥሮችን ሰጠ። የአንዱ የማጥቃት አቅም በሌላው የመከላከል ድክመት ሲባዛ፣ በሜዳ የመጫወት ጥቅምም ሲታከልበት፣ ከቡድኑ የሚጠበቀው አማካይ የጎል ብዛት ይገኛል። ከአማካዩ ወደ እያንዳንዱ ውጤት ይሆንታ የሚያሻግረን ደግሞ በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በፖይሶን ስም የሚጠራው ሥርጭት ነው።

በቁጥር እንየው። ባለሜዳው 1.5፣ እንግዳው 1.2 ጎል ይጠበቅባቸዋል እንበል። ስሌቱ ለባለሜዳው ድል 44.1 በመቶ፣ ለአቻ 25.5 በመቶ፣ ለእንግዳው ድል 30.4 በመቶ ይሰጣል። ከነጠላ ውጤቶች ሁሉ የላቀ ይሆንታ ያለው 1 ለ 1 ሲሆን፣ እርሱም 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ሞዴላችን እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ፣ «ባለሜዳው ያሸንፋል» ያለ ሰው ከመቶ 56 ጊዜ ያህል ይሳሳታል። ደጋፊዎች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ እኔ ግን ኳስን የምወድበት ምክንያት ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ዲክሰንና ኮልስ ይህን ሞዴል አሻሻሉ። አንደኛ፣ እንደ 0 ለ 0 እና 1 ለ 1 ያሉ ዝቅተኛ ውጤቶች ላይ የሚታየውን መዛነፍ አረሙ። ሁለተኛ፣ የቅርብ ጨዋታ ከሩቁ የበለጠ ክብደት እንዲኖረው አደረጉ። ዛሬ አንድ ደጋፊ በተራ ላፕቶፕ የአንድን የውድድር ዘመን 380 ጨዋታዎች አሥር ሺህ ጊዜ በምናብ አጫውቶ፣ ቡድኑ ስንት ጊዜ ዋንጫ እንዳነሣ፣ ስንት ጊዜም እንደ ወረደ ሊቆጥር ይችላል።

ከእንዲህ ያለው ቆጠራ የምንማረው አንዱ ነገር ከቁጥር ሁሉ ማን እንዳወጣው መጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015/16 መጀመሪያ አወራራጆች ለሌስተር ሲቲ ዋንጫ 5,000 ለ 1 ሰጥተው ነበር። ሌስተር በ81 ነጥብ፣ ሁለተኛውን አርሰናልን በ10 ነጥብ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። ብዙዎች ይህን የስታቲስቲክስ ውድቀት አድርገው ያወሩታል። በእኔ እምነት ግን 5,000 ለ 1 «አይሆንም» ለማለት የተለጠፈ ዋጋ እንጂ በጥንቃቄ የተሰላ ይሆንታ አልነበረም።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። ለዚያው ጨዋታ አወራራጁ ለባለሜዳው 2.10፣ ለአቻ 3.40፣ ለእንግዳው 3.00 ኦድ ሰጠ እንበል። እነዚህን ገልብጠን ብንደምራቸው 110 በመቶ ገደማ እናገኛለን። ከመቶ የበለጠው ትርፍ የአወራራጁ ነው። የእኛ ስሌት ፍጹም ትክክል ቢሆንና 100 ብር ብናስይዝ፣ በአማካይ ከባለሜዳው 92.60፣ ከአቻው 86.70፣ ከእንግዳው 91.20 ብር ይመለስልናል። በሦስቱም በኩል ኪሳራ ነው። ለማትረፍ እውነቱን ማወቅ አይበቃም፤ አወራራጁ ከትርፉ ህዳግ የሚሰፋ ስሕተት መሥራት አለበት። ዲክሰንና ኮልስ በዘመናቸው እንዲህ ያለ ክፍተት መኖሩን አሳይተዋል፤ ይሁን እንጂ ያንኑ ጽሑፍ አወራራጆችም አንብበውታል።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ ባስረዳው፣ «የእኔ ስሌት ከእነርሱ ቢሻልስ?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2.10 ኦድ ከመቶ ሃምሳ ጊዜ የሚያሸንፍ ሰው ካስያዘው ገንዘብ በአማካይ 5 በመቶ ያተርፋል። ነገር ግን የአንዱ ውርርድ ውጤት ከአማካዩ የሚርቅበት መደበኛ ልይይት ካስያዘው ገንዘብ 1.05 እጥፍ ነው። ስለዚህ ትርፉ የዕድል አለመሆኑን በተለመደው የሁለት መደበኛ ስሕተት መለኪያ ለመለየት ወደ 1,760 ውርርድ ያስፈልጋል። በየጨዋታው ቢወራረድ እንኳ አምስት የውድድር ዘመን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

ተማሪዬ በጣቱ ቆጠረና፣ «መምህር፣ እስከዚያማ ተመርቄ እወጣለሁ» አለኝ። ሠንጠረዡን ግን አልሰረዘውም፤ ለመመረቂያ ጽሑፉ እያዘጋጀው ነው።