ማስታወቂያ ማንን ያሳምናል?

በገጠር ከተሞች ጠላ የጠመቀች ሴት በደጇ እንጨት ተክላ ጫፉ ላይ ጣሳ ትደፋለች። ጣሳው ስለ ጠላው ጥራት አይናገርም፤ «እዚህ ቤት ጠላ አለ» ይላል፣ ያበቃል። «ቆራሌው!» እያለ መንደር ለመንደር የሚዞረውም ማንንም አይለማመጥም፤ መምጣቱን ያሳውቃል። «ማስታወቂያ» የሚለው ቃላችን ራሱ «አስታወቀ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚፈስባቸውን የማስታወቂያ ዓይነቶች ለመመዘን ከዚህ ትርጉም የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ምዘናው ቀላል አይደለም። የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ በፋሲካ ሰሞን ማስታወቂያ ያበዛል፤ ሽያጩም በፋሲካ ይጨምራል። ጭማሪውን ያመጣው ማስታወቂያው ነው ወይስ በዓሉ? ሁለቱን ለመለየት ተመሳሳይ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ አንዱ ወገን እንዲያይ፣ ሌላው እንዳያይ ማድረግ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ኬብል ቴሌቪዥን ይህን አመቻችቶ ነበር። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ቤተሰቦች የተለያየ ማስታወቂያ ወይም የተለያየ መጠን እንዲያዩ ይደረጋል፤ ከዚያ ከሱቅ የገዙት ይመዘገባል። ተመራማሪው ሊዮናርድ ሎዲሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 የ389 እንዲህ ያሉ ሙከራዎችን ውጤት አሳተሙ። ማስታወቂያን ደጋግሞ ማሳየት ብቻውን ሽያጭ ለማሳደግ ዋስትና አልሆነም፤ አዲስ ምርት ግን ከነባሩ የበለጠ ተጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 288 የታሸጉ ሸቀጦችን መርምሮ፣ ከ80 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ ተጨማሪ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የወጣበትን ገንዘብ እንደማይመልስ አገኘ። ቴሌቪዥን ከንቱ ነው ለማለት አይደለም፤ በዓመታት የተገነባ ስም በአጭር ሙከራ ተመዝኖ አያልቅም። ሁሉም ሰው ለሚያውቀው ሳሙና አንድ ጊዜ ጨምሮ መጮህ የሚያስገኘው ግን ጥቂት ነው።

በኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ የሚከፈልበት ማስታወቂያ እጅግ ውጤታማ ነው ሲባል ኖሯል። የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን ፈተነ። ሰዎች የኩባንያውን ስም ሲፈልጉ ከላይ የሚወጣውን የተከፈለበትን ማስታወቂያ በያሁና በማይክሮሶፍት መፈለጊያዎች ላይ አቆመ። ከማስታወቂያው ይመጣ የነበረው ጎብኚ ከሞላ ጎደል ሁሉ፣ 99.5 በመቶው፣ ከሥር ባለው ነፃ ማያያዣ በኩል ገባ። ለካ ኩባንያው ሲከፍል የነበረው መገናኛ ለመሄድ ተሰልፎ ለቆመ ተሳፋሪ «መገናኛ! መገናኛ!» ብሎ ለመጣራት ኖሯል። ሌላው ግኝትም የዚህን ያህል ቢታወስ እወድ ነበር፦ ስሙን በማይጠቅሱ ፍለጋዎች ላይ የወጣው ማስታወቂያ ኩባንያውን በማያውቁትና አልፎ አልፎ ብቻ በሚገዙት ላይ ሠርቷል። ጣሳዋን የደፋችው ሴት ይህን ያለ ጥናት ታውቀዋለች፤ ጣሳው ለጎረቤት ሳይሆን ለመንገደኛ ነው።

ነገሩ ሁሉ በማሳወቅ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ አያልቅም። በደቡብ አፍሪካ አንድ አበዳሪ ድርጅት ከ50 ሺህ ለሚበልጡ ደንበኞቹ ደብዳቤ ሲልክ ተመራማሪዎች ወለዱንም የደብዳቤውንም መልክ በዕጣ አቀያየሩት። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ውጤት መሠረት በደብዳቤው ላይ የአንዲት ቆንጆ ሴት ፎቶግራፍ መኖሩ ወለዱን በሩብ የመቀነስ ያህል ተበዳሪ ስቧል። በደብዳቤው የሚዘረዘሩትን የብድር ምሳሌዎች ቁጥር መቀነስም ተመሳሳይ ውጤት ነበረው። ፎቶግራፉ ስለ ብድሩ አንዳች አያሳውቅም። ሰው ዕዳ ውስጥ ሲገባ እንኳ እንዲህ ባለ ነገር መሳቡ ያሳስበኛል።

የሰው አፍ የሚባለው ኃይል ከሁሉ የቆየ ነው። ተመራማሪዎቹ ካትዝና ላዛርስፌልድ በአሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ በምትገኘው ዲኬተር ከተማ ሴቶችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሸቀጥ በመምረጥ ረገድ የሚያውቁት ሰው ምክር ከሬዲዮና ከጋዜጣ ማስታወቂያ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ዛሬ በቲክቶክ «እኔ ራሴ የምጠቀመው ይህን ነው» የሚል ታዋቂ ሰው የሚሸጠው ይህንኑ የወዳጅ ምክር ነው። ስለዚህ ተከፍሎት ከሆነ ይህን የመናገር ግዴታ አለበት ባይ ነኝ። ወዳጅ መስሎ የተከፈለውን የሚደብቅ ሰው ከማንኛውም ቢልቦርድ የከፋ ነው።

ሕግ አውጪዎች ለሁሉም ገዢ እኩል አይጨነቁም፤ ትክክልም ናቸው። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። ስዊድን ከ12 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ያነጣጠረ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አትፈቅድም። ልጆችን የመጠበቁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ የስታንፎርድ ሙከራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 63 ልጆች አንድ ዓይነት ምግብ በሁለት መጠቅለያ ቀረበላቸው፤ አንዱ የማክዶናልድስ፣ ሌላው ባዶ። የሚበዙት የማክዶናልድስ ምልክት ያለበት ይጣፍጣል አሉ፣ ካሮቱን ሳይቀር። ልዩነቱ የጎላው ደግሞ ቤታቸው ብዙ ቴሌቪዥን ባላቸው ልጆች ላይ ነበር።