እንጨትን ከፕላስቲክ ስለሚያጣብቅ ኮላ

በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተማሪ የቤት አምሳያ ሲሠራ፣ አናጢም በጠረጴዛ ላይ ፎርማይካ ሲለብጥ፣ ከባለሱቅ የሚጠይቀው «ኮላ» ብሎ ነው። የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ ነጩ የእንጨት ኮላ ነው። ይህ ኮላ የሚደርቀው ውኃው ወደ እንጨቱ ሲሰርግ ስለ ሆነ፣ ውኃ የማይመጠው ፕላስቲክ ውሎ አድሮ ይላቀቃል፤ የሚታማው ግን ባለሱቁ ነው።

ለሰፊ ገጽ የሚበጀው ማስቲሽ ነው። ይኸውም በሁለቱም ገጽ ተቀብቶ፣ በጣት ሲነኩት የማይለጠፍ እስኪሆን ቆይቶ ይጫናል፤ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ መጠበቅን ማብዛት አይገባም። ዳሩ ግን ስታይሮፎምን ያቀልጣል። ለትንንሽ ክፍል ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራው ኢፖክሲ ይሻላል፤ ፕላስቲኩን አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር ነው። የጀሪካንን ፕላስቲክ ግን ከእነዚህ አንዱም አጥብቆ አይዘውም፤ በብሎን ማሰር ይሻላል።

ማስቲሽ ከተከፈተ በኋላ በቆርቆሮው ውስጥ ይደርቃልና፣ አስመጪዎች ትንንሹን ቆርቆሮ ቢያበዙ ቸርቻሪው ከኪሳራ ይድናል።