ቅኝት (የተማሪዎች የሮቦት ውድድር)

ቅኝት ወይም ስካውቲንግ በተማሪዎች የሮቦት ውድድር ላይ አንድ ቡድን የሌሎችን ቡድኖች ሮቦቶች አቅም፣ አስተማማኝነትና የአጨዋወት ስልት በሥርዓት ተከታትሎ የሚመዘግብበትና የሚመዝንበት ሥራ ነው። የሚሰበሰበው መረጃ ለሁለት ነገር ያገለግላል፦ ለሚቀጥለው ግጥሚያ ስልት ለመንደፍ፣ እንዲሁም በጥሎ ማለፉ ዙር አብረው የሚሰለፉ አጋሮችን ለመምረጥ። ሥራው በይበልጥ የሚታወቀው በፈርስት ሮቦቲክስ ኮምፒቲሽን (ኤፍ.አር.ሲ.) ነው። ሆኖም አጋር በሚመረጥባቸው ሌሎች ውድድሮች፣ ለምሳሌ በፈርስት ቴክ ቻሌንጅና በቬክስ ውድድሮችም ይሠራበታል።

## አመጣጥ

ፈርስት የተባለው ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን ተመሠረተ። የመጀመሪያው ውድድር በ1992 እ.ኤ.አ. በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ በማንቸስተር ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ሲካሄድ 28 ቡድኖች ተካፍለዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ቡድኖች ተጣምረው የሚጫወቱበት አሠራር ገባ፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በአንድ ግጥሚያ ሦስት ሮቦቶች በቀይ፣ ሦስት ሮቦቶች በሰማያዊ ጥምረት ይሰለፋሉ።

ቅኝትን አስፈላጊ ያደረገው ይህ የጥምረት አሠራር ነው። ሮቦት ብቻውን ቢጫወት ኖሮ የራሱን ነጥብ ማወቅ ይበቃ ነበር። በጥምረት ጨዋታ ግን ሰሌዳው ላይ የሚታየው የሦስት ሮቦቶች ድምር ስለሆነ፣ ከሦስቱ ማን ምን እንደሠራ ለማወቅ ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

## የአጋር አመራረጥ ሥርዓት

በማጣሪያው ዙር ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ የሚወሰነው በዕጣ መሰል ድልድል ነው። ጠዋት አጋር የነበረ ቡድን ከሰዓት ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። በዚህም ምክንያት የደረጃ ሰንጠረዡ የቡድኑን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የድልድሉን ዕድልም ያሳያል። ጎበዝ ሮቦት በደካማ አጋሮች ምክንያት ወደ ታች ሊወርድ፣ መካከለኛ ሮቦትም በጠንካራ አጋሮች ትከሻ ላይ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ማጣሪያው ሲያበቃ በተለመደው አሠራር ስምንት ቡድኖች የጥምረት አምበል ይሆናሉ። በመጀመሪያው ዙር ምርጫው ከ1ኛው ወደ 8ኛው፣ በሁለተኛው ዙር ደግሞ ተገልብጦ ከ8ኛው ወደ 1ኛው ይሄዳል። ስለዚህ 8ኛው ጥምረት 8ኛውንና 9ኛውን ምርጫ በተከታታይ ያገኛል፤ 1ኛው ጥምረት ግን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን፣ ማለትም 16ኛውን ምርጫ ይወስዳል። ግብዣ ያልተቀበለ ቡድን ዳግመኛ በሌላ አምበል ሊመረጥ አይችልም፤ ራሱ አምበል መሆን ግን ይችላል።

በውድድሩ 40 ቡድኖች ቢኖሩ 24ቱ ወደ ጥሎ ማለፉ ሲያልፉ 16ቱ ዕቃቸውን ሸክፈው ይሄዳሉ። የ1ኛው ጥምረት አምበል የመጨረሻውን አጋሩን ሲመርጥ 23 ቡድኖች ቀድመው ተይዘዋል፤ ከቀሩት 17 መካከል የሚጠቅመውን መለየት አለበት። ከላይ ያሉትን ሦስትና አራት ሮቦቶች ማንም ተመልካች ያውቃቸዋል። የቅኝት ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በዚህ በሁለተኛው ዙር ምርጫ ላይ ነው።

## ዓይነቶች

የጥገና ቦታ ቅኝት። ግጥሚያዎች ከመጀመራቸው በፊት ወይም በመሀል ተማሪዎች ሮቦቶቹ ወደሚጠገኑበት ቦታ (ፒት) እየሄዱ እያንዳንዱን ቡድን ይጠይቃሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። በዚህ መንገድ የሮቦቱን ክብደት፣ የጎማውን ዓይነት፣ ያለ ነጂ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ከየትኛው ቦታ እንደሚነሳ ማወቅ ይቻላል። ድክመቱ ግን ግልጽ ነው፦ የሚጠየቀው ቡድን ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ሮቦቱ የሚሠራውን ሳይሆን እንዲሠራ የሚመኘውን ነው። ስለዚህ በቃል የተነገረ አቅም በሜዳ እስኪታይ ድረስ እንደ ተረጋገጠ አይቆጠርም።

የግጥሚያ ቅኝት። ስድስት ተማሪዎች በተመልካቾች መቀመጫ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው አንድ ሮቦት ብቻ ይከታተላሉ። ኳሱን ወይም ነጥቡን ሳይሆን የተመደበላቸውን ሮቦት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያያሉ። 40 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 10 ጊዜ ቢጫወቱ 400 መዝገቦች፣ ማለትም ወደ 67 ግጥሚያዎች ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ያለ ዕረፍት የሚከታተል ሰው ትኩረቱ ስለሚደክም ተረኛ መቀያየር የሥራው አካል ነው።

የትዝብት ቅኝት። ልምድ ያላቸው አንድ ወይም ሁለት ተማሪዎች በቁጥር የማይገለጸውን ይመዘግባሉ፦ ነጂው ሲገፋ ይደናገጣል ወይ? ሮቦቱ የአጋሩን መንገድ ይዘጋል? ሲበላሽ ምኑ ነው የሚበላሸው?

## ምን ይመዘገባል

ጥሩ የመመዝገቢያ ቅጽ አጭር ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ከአንድ ውሳኔ ጋር መያያዝ አለበት፤ መልሱ ማንንም የማያስመርጥ ወይም የማያስጥል ከሆነ ይሰረዛል። የተለመዱት የሚከተሉት ናቸው፦

* ያለ ነጂ በሚሠራበት ጊዜ (ለብዙ ዓመታት የመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች) ያስገባው ብዛት፤
* ነጂዎች በሚቆጣጠሩበት ጊዜ ያስገባውና የሳተው ብዛት፤
* በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የሚሰጠውን ተጨማሪ ሥራ መፈጸሙ፤
* መቆሙ፣ መገልበጡ ወይም ግንኙነት ማጣቱ፤
* ያስከተለው ቅጣት።

መቁጠር ከመገመት ይሻላል። «ከ1 እስከ 5 ደረጃ ስጥ» የሚል ጥያቄ የአንዱን ሰው 3 የሌላው 4 ያደርገዋል። መከላከልን ለመሰለ ለመቁጠር አስቸጋሪ ነገር ብዙ ቡድኖች ነጥብ ከመስጠት ይልቅ አንድ ላይ የተሰለፉትን ሦስት ሮቦቶች እርስ በርስ አወዳድረው ቅደም ተከተል ያስይዛሉ።

መረጃው በወረቀት ወይም በታብሌት ይያዛል። የኤፍ.አር.ሲ. ደንብ ቡድኖች በውድድሩ ቦታ የራሳቸውን ዋይፋይ እንዳይከፍቱ ስለሚከለክል፣ ብዙ መተግበሪያዎች መረጃውን በኪውአር ኮድ ወይም በገመድ ወደ አንድ ኮምፒውተር ያስተላልፋሉ። ስህተት ለመያዝ የሦስቱ መዝጋቢዎች ድምር ከይፋዊው ውጤት ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ቪዲዮው እንደገና ይታያል።

## ትንተና

አማካይ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ለምሳሌ ያህል ሁለት ሮቦቶች በስድስት ግጥሚያ እንዲህ አስገቡ እንበል፦

* ሮቦት ሀ፦ 12፣ 12፣ 0፣ 12፣ 0፣ 12
* ሮቦት ለ፦ 8፣ 7፣ 9፣ 8፣ 8፣ 8

የሁለቱም አማካይ 8 ነው፤ ሆኖም አንድ ዓይነት አይደሉም። ጥምረቱ ከተቃራኒው የሚበልጥ ከሆነ የማያስደነግጠው ለ ይመረጣል። ጥምረቱ ደካማ ሆኖ ጠንካራውን መርታት ካለበት ግን የሀ ከፍተኛ ነጥብ ያስፈልገው ይሆናል። የሀ ዜሮዎች ምክንያትም መታወቅ አለበት። የላላ የባትሪ ገመድ ከሆነና ከተጠበቀ ችግሩ አልፏል፤ ሞተሩ እየጋለ የሚቆም ከሆነ ግን በጥሎ ማለፉም ይመለሳል።

ሌላው መንገድ ኦ.ፒ.አር. የሚባለው ስሌት ነው። ይህ ከይፋዊ ውጤቶች ብቻ ተነስቶ የእያንዳንዱን ቡድን ድርሻ ይገምታል። ሐሳቡን ለመረዳት ሁለት ሁለት ሆነው የሚሰለፉ ሦስት ሮቦቶች ይወሰዱ፦ ሀ እና ለ 50፣ ሀ እና ሐ 40፣ ለ እና ሐ 30 ነጥብ ቢያገኙ፣ ሀ 30፣ ለ 20፣ ሐ 10 አስተዋጽኦ አድርገዋል ማለት ነው። በእውነተኛ ውድድር ግጥሚያዎቹ ብዙ ስለሆኑና ሮቦቶቹም አንዴ ጥሩ አንዴ መጥፎ ስለሚጫወቱ፣ ስሌቱ ከሁሉም ውጤቶች ጋር በይበልጥ የሚቀራረበውን መልስ ይፈልጋል። ዘ ብሉ አላያንስ የተባለው ድረ ገጽ ይህን ስሌት ከግጥሚያ ቪዲዮዎች ጋር ያወጣል።

ኦ.ፒ.አር. የአንዱ ሮቦት ሥራ በሌላው ላይ እንደማይመሠረት ታሳቢ ያደርጋል። ስለዚህ ትክክለኛነቱ እንደየዓመቱ ጨዋታ ይለያያል። በ2014 እ.ኤ.አ. ኳስ ለአጋር ማቀበል ራሱን የቻለ ነጥብ ነበረው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ነጥብ የሚሰጠው ሚዛንን ወደ ራስ ወገን አዘንብሎ ለቆየበት ጊዜ ነበር፤ አንድ ሳጥን ያለው ዋጋ ተቃራኒው ባስቀመጠው ላይ ይመሠረት ነበር። በእንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ተቀምጦ መመልከት ከስሌቱ ይበልጣል።

## የምርጫ ዝርዝር

የቅኝቱ ፍሬ የምርጫ ዝርዝር ነው። በተለምዶ ከመጨረሻው ቀን በፊት ባለው ምሽት ተዘጋጅቶ፣ በማግስቱ ግጥሚያዎች ይስተካከላል። ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው ዙር የተለያየ ዝርዝር መያዝ ይመከራል፤ የመጀመሪያው ነጥብ የሚያስገባ፣ ሁለተኛው የጎደለውን የሚሞላ ነው። ሦስቱም ሮቦቶች አንድ ቦታ ላይ ተጋፍተው የሚሠሩ ከሆነ የነጥባቸው ድምር በወረቀት ላይ ይቀራል።

የ2015 እ.ኤ.አ. ጨዋታ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዚያ ዓመት በሜዳው መሀል አራት ማጠራቀሚያ በርሜሎች ነበሩ፤ ቀድሞ የነጠቀ ጥምረት ይወስዳቸዋል። በማጣሪያው ደረጃ የሚወጣው በአማካይ ነጥብ ስለነበር ይህ ችሎታ ያን ያህል ጎልቶ አልታየም። በጥሎ ማለፉ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ግን ሌላ ብዙ ነገር የማይሠራ፣ በርሜሎቹን በቅጽበት የሚነጥቅ ሮቦት ተፈላጊ ሆነ።

## አነስተኛ ቡድኖች

ስድስት መዝጋቢ የሌለው ቡድን ከሌላ ቡድን ጋር ተባብሮ መረጃ መጋራት ይችላል። ያም ካልተቻለ ቅድሚያ የሚሰጠው በሚቀጥለው ግጥሚያ አብረው ለሚሰለፉትና ለሚገጥሙት አምስት ሮቦቶች ነው። ግልጽ የሆኑትን ጠንካራ ቡድኖች ትቶ በመካከለኛው ደረጃ ያሉትን መመልከትም ጊዜ ይቆጥባል።

## ሥነ ምግባር

በፈርስት ውድድሮች ውስጥ ዉዲ ፍላወርስ የተባሉት የኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰር ያስተዋወቁት «ግሬሺየስ ፕሮፌሽናሊዝም» የሚባል መርህ አለ፤ በብርቱ መፎካከርንና ተፎካካሪን ማክበርን አንድ ላይ ይጠይቃል። ቅኝትም በዚህ ይመራል። ስለ ራስ ሮቦት ሐሰት መናገር ነውር ነው፤ ውሎ አድሮም በሜዳ ይጋለጣል። የሌሎችን ድክመት የያዘ ማስታወሻ በሰው ፊት አይተውም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቁጥር ለወራት የደከሙ ተማሪዎች ሥራ ነው። በሌላ በኩል በጥንቃቄ የተሠራ ቅኝት ለተመልካቹ ያልታየውን ቡድን ያገኛል፦ በሰንጠረዡ ግርጌ ያለ፣ ነገር ግን በየግጥሚያው ድርሻውን ያለማቋረጥ የሚወጣ ሮቦት ወደ ጥሎ ማለፉ የሚገባው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለቆጠረለት ነው።