ውሃ ያዘለ ሳንባና የመተንፈሻ መሣሪያ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲጀመር ብዙ ሆስፒታሎች ሥራ አቆሙ፤ በቀሩትም የመብራት መቋረጥ ብርቱ ጭንቀት ሆነ። የመተንፈሻ መሣሪያ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራምና። ለመሆኑ ይህ መሣሪያ ሳንባው ውሃ ላዘለ በሽተኛ ምን ይጠቅመዋል? ውሃውን መጥጦ ያወጣለታልን? አያወጣም።

በሳንባችን ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ከከበቧቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ዘወትር ጥቂት ፈሳሽ ይሾልካል፤ የሊምፍ ቧንቧዎችም ሰብስበው ወደ ደም ይመልሱታል። በልብ ድካም ወይም በከባድ የሳንባ ምች ጊዜ ግን የሚሾልከው ከሚመለሰው ይበልጥና ከረጢቶቹን ይሞላል። ኦክሲጅንም ወደ ደም መግባት ይሳነዋል።

ፈሳሹን የሚያስወግደው የከረጢቱ ግድግዳ ራሱ ነው። ሕዋሳቱ ሶዲየምን ከፈሳሹ እየሳቡ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ውሃውም በኦስሞሲስ ሕግ ጨውን ተከትሎ ይወጣል። ይህ ሥራ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል።

የመሣሪያው ድርሻ እስከዚያ በሽተኛውን በሕይወት ማቆየት ነው። አየር በግፊት እያስገባ፣ በትንፋሽ መጨረሻም ጥቂት ግፊት እያስቀረ ከረጢቶቹ እንዳይጨማደዱ ይደግፋል። ሲበዛ ግን ግድግዳውን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ በ861 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በቁመት ለሚገመት ለአንድ ኪሎ ክብደት በየትንፋሹ 12 ሚሊ ሊትር አየር ከተሰጣቸው 39.8 በመቶ፣ 6 ሚሊ ሊትር ከተሰጣቸው ግን 31 በመቶ ሞተዋል።

እንግዲህ መብራት ቢጠፋ፣ ሕዋሳቱ ሥራቸውን እስኪጨርሱ አንድ ሰው የአየር ከረጢት በእጁ እየጨመቀ በሽተኛውን ማስተንፈስ አለበት። መምህራን ኦስሞሲስን በድንችና በጨው ሲያሳዩ ይህንንም ቢያነሡ፣ ተማሪው ትምህርቱ ከሕይወት ጋር ያለውን ዝምድና ይረዳል።